የእንግሊዝኛ አጭር ድርሰት ትምህርት በአንደኛ ደረጃ

የእንግሊዝኛ አጭር ድርሰት ትምህርት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች በአንድ ርዕስ ላይ ሐሳብ ማሰባሰብን፣ የሰበሰቡትን በቅደም ተከተል ማደራጀትንና ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ያሉት ጽሑፍ በእንግሊዝኛ መጻፍን የሚማሩበት የቋንቋ ትምህርት ክፍል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ አንድ ወይም ሁለት አንቀጽ ይሆናል። ርዕሶቹም ለልጁ ቅርብ ከሆኑ ነገሮች ይመረጣሉ፤ ቤተሰብ፣ የገበያ ቀን፣ የቤት እንስሳ፣ በዓል፣ ጉዞ፣ አንድ ነገር የሚሠራበት መንገድ የመሳሰሉት ናቸው።

ድርሰት ከሰዋስው መልመጃ ይለያል። ባዶ ቦታ የሚሞላ ተማሪ የሚያስፈልገው አንድ ትክክለኛ ቃል ብቻ ነው። ድርሰት የሚጽፍ ተማሪ ግን ምን እንደሚል፣ ከየት እንደሚጀምር፣ የትኛውን ቃል እንደሚጠቀምና የት እንደሚያበቃ ራሱ መወሰን አለበት። እነዚህን ሁሉ ውሳኔዎች በአንድ ጊዜ ማድረግ ለልጅ ከባድ ስለሆነ፣ ከመጻፍ በፊት ማቀድ የትምህርቱ ዋና ክፍል ሆኖ ይወሰዳል።

በኢትዮጵያ ይህ ትምህርት ልዩ ክብደት አለው። እንግሊዝኛ የአብዛኛው ተማሪ የቤትም ሆነ የሠፈር ቋንቋ አይደለም፤ ሆኖም በላይኛው ክፍል ሒሳብ፣ ሳይንስና ሌሎች ትምህርቶች የሚሰጡት በእንግሊዝኛ ነው። በዚያን ጊዜ አንድን ሐሳብ በራሱ ዐረፍተ ነገር መጻፍ የማይችል ተማሪ የሚያውቀውን ትምህርት እንኳ በፈተና ወረቀት ላይ ማሳየት ይቸግረዋል።

ታሪካዊ ዳራ

በኢትዮጵያ የውጭ ቋንቋ በዘመናዊ ትምህርት ቤት መሰጠት የጀመረው በ1901 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1908) በአዲስ አበባ ከተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ጋር ነው። በዚያን ዘመን ይበልጥ ተሰሚነት የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ግን እንግሊዝኛ የፈረንሳይኛን ቦታ ወስዶ የትምህርት ቋንቋ ሆነ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያ ሆኖ ቀጠለ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ ደነገገ። እንግሊዝኛ ማስተማሪያ ቋንቋ የሚሆንበት ክፍል ከክልል ክልል ይለያያል፤ በአንዳንዱ በ7ኛ፣ በሌላው በ9ኛ ክፍል ይጀምራል። ስለዚህ ተማሪው በእንግሊዝኛ መጻፍ የሚለማመድበት ጊዜ ከዚህ መሸጋገሪያ በፊት ያሉት ጥቂት ዓመታት ናቸው።

በማስተማሪያ ዘዴ ረገድ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ በብዙ አገሮች ድርሰት የሚታየው በመጨረሻው ውጤት ብቻ ነበር። መምህሩ ርዕስ ይሰጣል፤ ተማሪው ይጽፋል፤ መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ያርማል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች ሰዎች ሲጽፉ ምን እንደሚያደርጉ ማጥናት ጀመሩ። አሜሪካውያኑ ሊንዳ ፍላወርና ጆን ሄይስ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ባቀረቡት ጥናት መጻፍ ማቀድን፣ ሐሳብን ወደ ቃል መለወጥንና መልሶ ማየትን የሚያካትት ሥራ መሆኑን፣ ጸሐፊውም በእነዚህ መካከል ወዲያና ወዲህ እንደሚመላለስ ገለጹ። ዶናልድ ግሬቭስ ደግሞ በ1983 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ትንንሽ ልጆችም ርዕስ መርጠው፣ ረቂቅ ጽፈውና ከመምህራቸው ጋር ተነጋግረው ጽሑፋቸውን ማሻሻል እንደሚችሉ አሳየ። ይህ አካሄድ «የሂደት አቀራረብ» ይባላል።

በዚያው ዘመን በአውስትራሊያ የተነሡ ምሁራን ሌላ ሐሳብ አቀረቡ። እንደ እነርሱ አባባል ታሪክ መተረክ፣ አሠራር ማስረዳትና አስተያየት መስጠት እያንዳንዳቸው የራሳቸው አወቃቀር አላቸው፤ ይህን አወቃቀር ከቤቱ ይዞ ለማይመጣ ልጅ መምህሩ በግልጽ ሊያሳየው ይገባል። በዚህ «የዘውግ አቀራረብ» በሚባለው መንገድ ክፍሉ መጀመሪያ ምሳሌ የሚሆን ጽሑፍ አንብቦ ይመረምራል፤ ከዚያ መምህርና ተማሪዎች አብረው ይጽፋሉ፤ በመጨረሻ ተማሪው ለብቻው ይጽፋል። ዛሬ ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ሁለቱን አቀራረቦች አዋሕደው ይጠቀማሉ።

አማርኛ ተናጋሪ ልጆችን የሚያጋጥሙ ልዩ ችግሮች

አማርኛ የሚናገር ልጅ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ከሚሠራቸው ስህተቶች ብዙዎቹ የሚመጡት የራሱን ቋንቋ ሕግ በትክክል ከመከተል ነው። መምህሩ ምንጩን ካወቀ ማስረዳቱ ይቀለዋል።

የቃላት ቅደም ተከተል፦ በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይውላል፤ «አበበ ዳቦ በላ»። በእንግሊዝኛ ግሱ በባለቤቱና በተሳቢው መካከል ይገባል፤ «አበበ ኤት ብሬድ»። ከአማርኛ ቃል በቃል የሚመልስ ልጅ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል።

ባለቤቱን መተው፦ «መጣ» የሚለው አንድ ቃል በአማርኛ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ማን እንደመጣ ግሱ ይናገራል። በእንግሊዝኛ ባለቤቱ ለብቻው መጻፍ አለበት። «ዝናብ እየዘነበ ነው» ለማለት እንኳ ምንም የማይወክለው «ኢት» ይገባል።

የአክብሮት አነጋገር፦ በአማርኛ «አያቴ መጡ» ሲባል ግሱ ለብዙ ሰው ከሚውለው ጋር አንድ ነው። በዚህ ምክንያት ልጁ አያቱን ለማክበር ብሎ ስለ አንድ ሰው «ዜይ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። በእንግሊዝኛ ለአንድ ወንድ «ሂ»፣ ለአንዲት ሴት «ሺ» ማለት ድፍረት እንዳልሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ጊዜ፦ «ይሄዳል» የሚለው ግስ የዘወትር ድርጊትንም የወደፊትንም ሊያመለክት ይችላል። እንግሊዝኛ ግን «ጎውስ» እና «ዊል ጎ» ብሎ ይለያቸዋል።

መስተዋድድ፦ «በ» አንድ ሆኖ ሳለ «በአውቶቡስ»፣ «በቢላዋ»፣ «በጠዋት»፣ «በጠረጴዛው ላይ» ሲባል በእንግሊዝኛ በየተራው «ባይ»፣ «ዊዝ»፣ «ኢን» እና «ኦን» ይሆናል።

ትልልቅና ትንንሽ ፊደላት፦ የግዕዝ ፊደል ይህ ልዩነት የለውም። የላቲን ፊደል 26 ሆሄያት እያንዳንዳቸው ትልቅና ትንሽ ቅርጽ አላቸው። ልጁ ዐረፍተ ነገር ሲጀምርና የሰው ወይም የቦታ ስም ሲጽፍ ትልቁን መጠቀም አለበት፤ ይህም ከአራት ነጥብ ይልቅ አንድ ነጥብ ከመጠቀም ጋር አዲስ ልማድ ነው።

የቃላት አጻጻፍ፦ በአማርኛ የተሰማው እንደተሰማ ይጻፋል ማለት ይቻላል። በእንግሊዝኛ ግን «መጻፍ» እና «ትክክል» የሚል ትርጉም ያላቸው ሁለት ቃላት ሁለቱም «ራይት» ተብለው ቢነበቡም የሚጻፉት በተለያዩ ፊደላት ነው።

ሰዓት፦ ይህ የሰዋስው ሳይሆን የባህል ጉዳይ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የሚነሣ ልጅ ያንኑ ቁጥር በእንግሊዝኛ ቢጽፍ፣ የውጭ አንባቢ እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት ላይ የተነሣ ይመስለዋል። በእንግሊዝኛ 6 ሰዓት ተብሎ መጻፍ አለበት።

የማቀድ ደረጃዎች

ለልጆች የሚሰጠው የአጻጻፍ ሂደት ብዙውን ጊዜ በአምስት ይከፈላል፤ ሐሳብ ማሰባሰብ፣ ማደራጀት፣ መርቀቅ፣ መልሶ ማየትና ማረም፣ በንጽሕና መገልበጥ።

ሐሳብ ማሰባሰብ። ተማሪዎች ስለ ርዕሱ የሚያውቁትን ይናገራሉ፤ መምህሩ በሰሌዳው ላይ ይጽፋል። በዚህ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መነጋገር ጉዳት የለውም። ልጁ ስለ ገበያ የሚያውቀው ብዙ ነገር አለ፤ በእንግሊዝኛ ብቻ እንዲያስብ ከተገደደ ግን የሚያውቀው ሁሉ ወደ ሦስት ቃላት ይወርዳል። ሐሳቡ ከተገኘ በኋላ አስፈላጊዎቹ ቃላት በእንግሊዝኛ ይሰጡታል። ለመቀስቀሻነት «ማን? ምን? መቼ? የት? ለምን? እንዴት?» የሚሉት ስድስት ጥያቄዎች በስፋት ይሠራባቸዋል።

ማደራጀት። ከተሰበሰበው ሐሳብ ውስጥ የሚጠቅመው ይመረጣል፤ የቀረው ይሰረዛል። ከዚያ ቅደም ተከተሉ በቁጥር ይመለከታል። ለታሪክ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ይበቃል። ለገለጻ ዋናው ሐሳብ አንድ ዐረፍተ ነገር፣ ከዚያ ሦስት ዝርዝሮች፣ ከዚያ መዝጊያ ይሆናል። ዕቅዱ በቃላት ወይም በሐረጎች ብቻ ይጻፋል። ልጁ በዕቅዱ ላይ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ከጻፈ ረቂቁን ጀምሯል ማለት ነው፤ ቅደም ተከተሉንም ለመለወጥ ያመነታል።

መርቀቅ። ተማሪው ዕቅዱን እያየ ይጽፋል። ስለ ፊደል አጻጻፍ ብዙ ሳይጨነቅ እስከ መጨረሻው እንዲደርስ ይበረታታል።

መልሶ ማየትና ማረም። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። መልሶ ማየት ሐሳቡን ይመለከታል፤ የጎደለ፣ የተደጋገመ ወይም ቦታውን የሳተ ነገር አለ? ማረም ደግሞ ፊደሉን፣ ነጥቡንና ሰዋስውን ይመለከታል። ሐሳቡ ሳይስተካከል ወደ ነጥብና ፊደል የሄደ ተማሪ በኋላ የሚሰረዝ ዐረፍተ ነገር ሲያሳምር ጊዜውን ያጠፋል።

ምሳሌ፦ ቡና ማፍላት

አሠራርን ማስረዳት ለጀማሪዎች ምቹ ከሆኑት የድርሰት ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ሥራው ራሱ ይወስነዋልና። ለ5ኛ ወይም ለ6ኛ ክፍል ተማሪዎች «ቡና እንዴት ይፈላል?» የሚለው ርዕስ ቢሰጥ ብዙዎቹ በቤታቸው ያዩትን ይናገራሉ። በሰሌዳው ላይ የሚወጣው ዕቅድ ይህን ሊመስል ይችላል፦

1. ማጠብ፦ «ዎሽ»
2. መቁላት፦ «ሮስት»
3. መውቀጥ፦ «ፓውንድ»
4. በጀበና ማፍላት፦ «ቦይል»
5. መቅዳት፦ «ፖር»

ቀጥሎ ሐሳቦቹን የሚያያይዙ ቃላት ይጨመራሉ፤ «ፈርስት» (በመጀመሪያ)፣ «ኔክስት» (ቀጥሎ)፣ «ዜን» (ከዚያ)፣ «ፋይናሊ» (በመጨረሻ)። መምህሩ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ከክፍሉ ጋር ይሠራል፤ «ፈርስት፣ ማይ ማዘር ዎሽስ ዘ ኮፊ ቢንስ።» እዚህ ላይ ስለ አንዲት ሴት የዘወትር ሥራ ሲነገር በግሱ መጨረሻ የሚመጣው የ«ስ» ድምፅ ይጠቀሳል። ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሞክራሉ፤ «ኔክስት፣ ሺ ሮስትስ ዘም ኦን ኤ ሆት ፓን።» የቀሩትን እያንዳንዱ ለብቻው ይጽፋል።

በመካከሉ «ጀበና በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ለድርሰት ትምህርት ጠቃሚ ነው። ቃሉ እንዳለ ይቀመጥና ለማያውቅ አንባቢ በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ይገለጻል፤ «ኤ ጀበና ኢዝ ኤ ክሌይ ኮፊ ፖት።» በዚህ መንገድ ልጁ የሚጽፈው ለመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ብቻ ሳይሆን ጀበና አይቶ ለማያውቅ ሰው ጭምር እንደሆነ ይረዳል። «ስኒ»፣ «እንጀራ»፣ «ነጠላ» ሲመጡም እንዲሁ ያደርጋል።

ሌላው በጣም የተለመደ ርዕስ «እናቴ» የሚለው ነው። ያለ ዕቅድ ሲጻፍ ውጤቱ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ እናቴ ጥሩ ናት፣ እናቴ ቆንጆ ናት፣ እናቴን እወዳታለሁ። ዐረፍተ ነገሮቹ ከሰዋስው አንጻር ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን የ60 ልጆች እናቶች አንዲት ሴት ይሆናሉ። መምህሩ «ጥሩነቷን በምን አወቅህ? ትናንት ማታ ምን አደረገች?» ብሎ ሲጠይቅ ልጁ እናቱ በኩራዝ ወይም በአምፖል ብርሃን ደብተሩን እንደሸፈነችለት፣ ማንበብ ባትችልም አጠገቡ ተቀምጣ እንዳስጠናችው ሊናገር ይችላል። ዕቅዱ ውስጥ መግባት ያለበት ይህ ነው።

ሥዕልና የዐረፍተ ነገር ሠንጠረዥ

ገና ለጀመሩ ተማሪዎች ሁለት ድጋፎች በሰፊው ይሰጣሉ። አንደኛው የሥዕል ድርሰት ነው፤ ሦስት ወይም አራት ሥዕሎች በተከታታይ ቀርበው ተማሪው ታሪኩን ይጽፋል። ሲንጋፖር ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና የሚወስዱ ተማሪዎች በአንድ ርዕስ ላይ፣ ከቀረቡላቸው ሦስት ሥዕሎች ቢያንስ አንዱን ተጠቅመው ከ150 ቃላት ያላነሰ ድርሰት እንዲጽፉ ይጠየቃሉ። ሥዕል በሌለበት መምህሩ በጠመኔ የሚስለው ቀላል መስመር ይበቃል።

ሁለተኛው የዐረፍተ ነገር ሠንጠረዥ ነው። በአንድ ዓምድ ባለቤቶች፣ በሁለተኛው ግሶች፣ በሦስተኛው ተሳቢዎች ተደርድረው ተማሪው ከእያንዳንዱ አንድ እየወሰደ ትክክለኛ ዐረፍተ ነገር ይሠራል። ይህ በተለይ የግሱን ቦታ ለማስለመድ ይረዳል። ጉድለቱ ልጁ ከሠንጠረዡ ውጭ መውጣት የሚለማመድበት ጊዜ ካልተሰጠው ራሱ የፈጠረው ዐረፍተ ነገር አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ድጋፉ ቀስ በቀስ መነሣት አለበት።

ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል

በክፍሉ 60 ተማሪዎች ካሉና ለእያንዳንዱ ድርሰት እርማት አራት ደቂቃ ብቻ ቢወስድ ሥራው 240 ደቂቃ፣ ማለትም አራት ሰዓት ይጠይቃል። ሁለትና ሦስት ክፍል የሚያስተምር መምህር ይህን በየሳምንቱ ሊያደርግ አይችልም፤ ድርሰት ከሚዘለልባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነው። ችግሩን ለማቃለል የሚሠራባቸው መንገዶች አሉ፦

የቡድን ድርሰት፦ አምስት ተማሪዎች በአንድ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፤ መምህሩ 60 ሳይሆን 12 ወረቀት ያያል። ጸሐፊው በየጊዜው ካልተለዋወጠ ግን የሚለማመደው አንድ ልጅ ብቻ ይሆናል።

በዕቅዱ ላይ ማረም፦ መምህሩ በክፍሉ ውስጥ እየተዘዋወረ ዕቅዱን ብቻ ያያል። አምስት ቃላት ማየት ጥቂት ሰከንድ ይፈጃል፤ የቅደም ተከተል ስህተትም ሳይጻፍ በፊት ይስተካከላል።

አንድ ነገር ብቻ ማረም፦ በአንድ ሳምንት የዐረፍተ ነገር መጀመሪያና ነጥብ፣ በሌላው ሳምንት የኃላፊ ጊዜ ግስ ብቻ ይታያል።

የጥንድ ንባብ፦ ተማሪ ጽሑፉን ለጓደኛው ጮክ ብሎ ያነባል። ጓደኛው አንድ የወደደውን ነገርና አንድ ያልገባውን ነገር ይነግረዋል።

እርማትን በተመለከተ ያለ ክርክር

ስህተትን ሁሉ በቀይ ማስመር ይጠቅማል ወይ የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን አከራክሯል። ጆን ትራስኮት በ1996 (እ.ኤ.አ.) በሁለተኛ ቋንቋ ድርሰት ላይ የሚደረግ የሰዋስው እርማት ፋይዳ የለውም፣ ይልቁንም ሊጎዳ ይችላል ብሎ ጻፈ። ዳና ፌሪስ በ1999 (እ.ኤ.አ.) በሰጠችው ምላሽ ይህ ድምዳሜ ጊዜው ያልደረሰ ነው፣ በጥንቃቄ የተመረጠና ግልጽ የሆነ እርማት ተማሪን ይረዳል አለች። ክርክሩ በአብዛኛው የተካሄደው በዕድሜ የገፉ ተማሪዎችን መሠረት አድርጎ ነው፤ ለትንንሽ ልጆች ግን አንድ ነገር በቀላሉ ይታያል። ደብተሩ በቀይ ተሞልቶ የተመለሰለት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ እንዳይሳሳት ብሎ ጥቂት ይጽፋል፤ የሚጽፈውም ትክክል መሆኑን አስቀድሞ የሚያውቀውን ብቻ ይሆናል።

ከዚህ ጋር የሚነሣው ሌላ ችግር ሽምደዳ ነው። ፈተና ሲቃረብ አንዳንድ ተማሪዎች አንድ የተዘጋጀ ድርሰት በቃላቸው ይዘው ለማንኛውም ርዕስ ያቀርባሉ። በቃል መያዝ በራሱ ነውር አይደለም፤ በኢትዮጵያ የቄስ ትምህርት ቤትና የቁርኣን ትምህርት ቤት የቆየ መሠረት አለው፣ ለቃላትና ለዐረፍተ ነገር ቅርጽም ይጠቅማል። ችግሩ ልጁ የሌላውን ሐሳብ ይዞ የራሱን መፈለግ ሲተው ነው።

ምዘና

የድርሰት ውጤት በአብዛኛው በአራት መለኪያዎች ይከፋፈላል፤ ይዘት፣ አደረጃጀት፣ የቃላትና የሰዋስው አጠቃቀም፣ የፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ትክክለኛነት። መለኪያዎቹ ለተማሪው አስቀድመው ከተነገሩት ለምን 7 ከ10 እንዳገኘ ይረዳል። ዕቅዱ ራሱ ጥቂት ነጥብ ቢሰጠው ተማሪዎች ማቀድን እንደ ትርፍ ሥራ አያዩትም።

በኢትዮጵያ በክልልና በአገር አቀፍ ደረጃ የሚሰጡ ፈተናዎች በአብዛኛው የምርጫ ጥያቄዎች ናቸው። ተማሪው ትክክለኛውን መልስ ይመርጣል እንጂ አይጽፍም። ምርጫ ለማረም ፈጣንና ለሁሉም እኩል ቢሆንም፣ በፈተና የማይመጣ ትምህርት በክፍል ውስጥም ቦታው ይጠብባል። ከዚህ በተለየ ኬንያ እስከ 2023 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ትሰጠው በነበረው የ8ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ፈተና ተማሪዎች በ40 ደቂቃ ውስጥ የእንግሊዝኛ ድርሰት እንዲጽፉ ይጠየቁ ነበር። ብሔራዊ ፈተናው ድርሰት በማይጠይቅበት አገር ትምህርቱ የሚቆየው መምህሩ በሚሰጠው ተከታታይ ምዘናና በደብተሩ ላይ በሚቀረው ሥራ ነው።

የአፍ መፍቻ ቋንቋ ድርሻ

ካናዳዊው ምሁር ጂም ከሚንስ በ1979 (እ.ኤ.አ.) ባቀረበው መላምት መሠረት በአንድ ቋንቋ የዳበረ የማንበብና የመጻፍ ችሎታ ወደ ሌላው ቋንቋ ይሸጋገራል። ለድርሰት ይህ ማለት ሐሳብን መምረጥ፣ ማስቀደምና ማስከተል፣ አንቀጽን መዝጋት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ የተማረ ልጅ በእንግሊዝኛ እንደገና ከዜሮ አይጀምርም ማለት ነው። አዲስ የሚሆንበት ቃላቱና ሰዋስዉ ናቸው። በተቃራኒው በራሱ ቋንቋ አንቀጽ ጽፎ የማያውቅ ልጅ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ሁለት ከባድ ነገር በአንድ ላይ ይገጥመዋል። በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) በተለያዩ ክልሎች የተደረገ የንባብ ምዘና ብዙ የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች በሚማሩበት ቋንቋ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ማሳየቱ ጉዳዩ ከእንግሊዝኛ መምህሩ ክፍል በፊት እንደሚጀምር ያመለክታል። በዚህ ምክንያት የአማርኛና የእንግሊዝኛ መምህራን በአንድ ሳምንት ተመሳሳይ የድርሰት ዓይነት ቢያስተምሩ፣ ልጁ በሰኞው የአማርኛ ክፍለ ጊዜ የሠራውን ዕቅድ ይዞ ወደ እንግሊዝኛው መግባት ይችላል።